ሰርተፍኬቱ አለ፤ እንክብካቤውስ? የዲሜንሺያ ሥልጠና ምን ይለውጣል፣ ምን አይለውጥም

አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን መንከባከብ አዲስ የመጣ ሐበሻ ቶሎ ከሚገባባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ዲሲና አካባቢው፣ ሚኒሶታ፣ ሲያትል፣ ዳላስ፤ የትም ቢኬድ ሌሊት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም) የሚሠራ፣ ቀን ደግሞ ሆም ኬር (የቤት ለቤት እንክብካቤ) የሚደርብ ሰው አይጠፋም። ከሚንከባከቧቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ዲሜንሺያ፣ በተለምዶ የመርሳት በሽታ የሚባለው፣ ያለባቸው ናቸው። በሌላ በኩል ከአርባ ዓመት በፊት በስደት የገባው ትውልድ ራሱ አርጅቷል። ልጆቻቸው ከአገር ቤት ያመጧቸው እናቶችና አባቶችም አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለት በኩል ይነካናል። ተንከባካቢዎቹም ታካሚዎቹም የእኛ ሰዎች ናቸው።

በቅርብ ዓመታት በዚህ ዙሪያ ሁለት ዜናዎች ተከታትለው መጡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ “ጋይድ” የተባለ የዲሜንሺያ እንክብካቤ ፕሮግራም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ደግሞ በነርሲንግ ሆሞች ሊኖር የሚገባውን ዝቅተኛ የሠራተኛ ብዛት የሚወስነውን ደንብ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። ዜናዎቹ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፉ ይደባለቃሉ። “መንግሥት የመርሳት በሽተኛን ማስታመም ጀመረ” የሚል አለ። “የሥልጠና ግዴታው ቀረ” የሚልም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ነገሩን ለመለየት ከበሽታው መጀመር ይሻላል።

እርጅና ነው ተብሎ የሚታለፈው

ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የተለያዩ በሽታዎች አእምሮን ሲጎዱ የሚያስከትሏቸው ችግሮች የጋራ መጠሪያ ነው። ማስታወስ፣ ማሰብ፣ መናገር፣ የዕለት ኑሮን መምራት ቀስ በቀስ ይከብዳል። ከሁሉም የሚበዛው አልዛይመር ነው። ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው በእሱ የሚመጣ ነው። ከስትሮክና ከደም ሥር ጉዳት የሚመጣውም ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው። ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ይህ ማለት ግን ማርጀት ማለት መርሳት ነው ማለት አይደለም። አልዛይመርስ ዲዚዝ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዓለም አቀፍ የዳሰሳ ጥናት፣ ከመቶ 80 ያህሉ ሰው ዲሜንሺያን የእርጅና ተፈጥሯዊ አካል አድርጎ ያየዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው ከጤናና ከእንክብካቤ ባለሙያዎችም 65 በመቶ ያህሉ እንደዚያው ማሰባቸው ነው። ባለሙያው ራሱ “እርጅና ነው” ካለ ምርመራ አይታዘዝም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን እንደ ዲሜንሺያ ሊያስመስሉት ይችላሉ። እነዚህ የሚታከሙ ናቸው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አጥብቆ መለየት ያስፈልጋል። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ በድንገት ከተምታታባቸው፣ ካንቀላፉ ወይም የሌለ ነገር ካዩ፣ ይህ ዲሊሪየም የሚባል ሌላ ችግር ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመጣል። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል። አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። ዲሜንሺያ ያለበትን ሰውም ይይዛል፤ ያኔ “ባሰባቸው” ተብሎ ይታለፋል። ለውጡን መጀመሪያ የሚያየው ሐኪሙ አይደለም። በየቀኑ የሚያጥበውና የሚያበላው ሰው ነው። ያ ሰው ልዩነቱን ካላወቀ ሌላ የሚያስተውል የለም።

ስለ አዳዲሶቹ መድኃኒቶችም ጥያቄ ይነሳል። ሌካነማብ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ዶናነማብ በ2024 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። ገና በጅምር ላይ ላለ አልዛይመር የታሰቡ ናቸው፤ ውድቀቱን ያዘገዩታል እንጂ አይመልሱትም። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ክትትላቸው ከባድ ነው። ነርሲንግ ሆም የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያንን ደረጃ አልፏል። ለእሱ ዋናው ሕክምና እንክብካቤው ነው።

“አስቸጋሪ” የሚባለው ጠባይ ከየት ይመጣል?

በእንክብካቤ ቤቶች “አስቸጋሪ ታካሚ” የሚለው ቃል ብዙ ይሰማል። ይማታሉ፣ ይጮኻሉ፣ ምግብ አልቀበልም ይላሉ፣ ሌሊት ይዞራሉ። የቀድሞው አስተሳሰብ ይህንን ሁሉ በሽታው የሚያመጣው ነው ብሎ ይዘጋው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ላይ የሠራው ቶም ኪትዉድ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ይህንን ተቃወመ። የተጎዳው አንጎል አንዱ ምክንያት ነው፤ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚይዙት አያያዝ ደግሞ ሌላው ምክንያት ነው አለ። ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ የሚባለው አካሄድ በብዛት ከእሱ ሐሳብ የወጣ ነው። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ ጠባዩ መልእክት ነው፤ በቃል መናገር ያልቻለ ሰው በሰውነቱ እየተናገረ ነው የሚል ነው።

ገላ መታጠብን እንውሰድ። የማያውቁት ሰው መጥቶ ልብሳቸውን ያወልቃል። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ውሃው በድንገት ከላይ ይወርድባቸዋል። እሳቸው ለምን እንደሆነ አይገባቸውም፤ የተነገራቸውንም ከደቂቃ በኋላ አያስታውሱም። እጃቸውን ቢያነሱ ምን ይገርማል? ራሳቸውን እየተከላከሉ ነው። የሠለጠነ ተንከባካቢ ክፍሉን አስቀድሞ ያሞቃል። በፎጣ ሸፍኖ የሚታጠበውን ክፍል ብቻ ይገልጣል። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጉ በፊት ይናገራል። ካልሆነም ሻወሩን ትቶ አልጋ ላይ በሞቀ እርጥብ ፎጣ ያጥባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህንን ከተለመደው አስተጣጠብ ጋር አወዳድሮ ነበር። በመታጠቢያ ሰዓት የሚታየው ጠበኝነት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት የለም፣ ውድ ዕቃ የለም።

ሕመምም ሌላው ምክንያት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው “አሞኛል” ማለት ካቃታቸው ሲነኳቸው ይጮኻሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኖርዌይ የወጣ ጥናት 352 የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን ተከታትሏል። ለግማሾቹ የሕመም ማስታገሻ በሥርዓት ተሰጣቸው፤ ለብዙዎቹ ተራ ፓራሲታሞል ነበር። በስምንት ሳምንት ውስጥ መረበሻቸው ከሌላው ወገን ጋር ሲነጻጸር በ17 በመቶ ያህል ቀነሰ። ነገሩን ሳስበው ያሳዝነኛል። ስንት አረጋዊ ታሞ ሳለ “ጠባዩ ተበላሸ” ተብሎ ይሆን?

ከሁሉም ክርክር የሚያስነሳው ግን “ቤቴ ልሂድ” የሚለው ነው። በራሳቸው ቤት ተቀምጠው “ቤቴ ውሰዱኝ” የሚሉ አሉ። ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን እናታቸውን የሚጠይቁም አሉ። እውነቱን መንገር ነው ወይስ ማለፍ? አንዳንድ ባለሙያዎች ለታካሚው መዋሸት ክብሩን መንካት ነው ይላሉ፤ ሲደጋገምም በተንከባካቢው ላይ ያለውን እምነት ያጠፋል። ሌሎች ደግሞ በየቀኑ መርዶ እንደ አዲስ ማርዳት ጭካኔ ነው ይላሉ። ውሸትን እንደ ኃጢአት ለሚያይ ቤተሰብ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በእኔ እይታ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ መንገድ አለ። “እናትዎ ናፈቁዎት? እስቲ ስለሳቸው ያጫውቱኝ” ማለት ውሸት የለበትም፤ መርዶም አይደለም። የሰውየው ስሜት ሰሚ ያገኛል። ግን ይህንን ለማለት ጊዜ ያስፈልጋል። አሥር ሰው የተመደበበት ተንከባካቢ ያ ጊዜ አለው ወይ የሚለው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይወስደናል።

ሕጉ የሚጠይቀው 75 ሰዓት

ሲኤንኤ የሚባለው የነርስ ረዳት በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣው ሕግ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ 75ቱ ሰዓት ግን አልተነካም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ 160 ሰዓት ታስገድዳለች። ሥራ ላይ ያለ ሲኤንኤ ደግሞ በየዓመቱ ቢያንስ 12 ሰዓት ተጨማሪ ሥልጠና አለበት። በውስጡ የዲሜንሺያ አያያዝና ታካሚን ከጥቃት መከላከል መኖር አለባቸው። ይህ ግዴታ አልተሻረም። ፍርድ ቤት የሻረው የሠራተኛ ብዛትን የሚመለከተውን ነው።

ከነርሲንግ ሆም ውጭ ግን ነገሩ የተበታተነ ነው። አሲስትድ ሊቪንግ ማለት አረጋውያን ክፍል ተከራይተው በመጠነኛ እርዳታ የሚኖሩበት ቤት ነው። ዲሜንሺያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። ለእነዚህ ቤቶች አንድ ወጥ የፌዴራል የሥልጠና መስፈርት የለም። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ያወጣል። ቤት ለቤት የሚሄድ የግል ረዳትም የፌዴራል የሥልጠና ግዴታ የለበትም። “ሜሞሪ ኬር” (ዲሜንሺያ ላለባቸው የተለየ እንክብካቤ) የሚል ጽሑፍ በር ላይ ተለጥፎ ማየት ስለዚህ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የማን ፈቃድ፣ የስንት ሰዓት ሥልጠና፣ በሌሊት ስንት ሠራተኛ ብሎ መጠየቅ ነው።

በመድኃኒት ማስተኛት

ሥልጠናና ሰው ሲጎድሉ ክፍተቱን ብዙ ጊዜ የሚሞላው መድኃኒት ነው። አንቲሳይኮቲክ የሚባሉት ለስኪዞፍሬንያና መሰል የአእምሮ ሕመሞች የተሠሩ ናቸው። ዲሜንሺያ ላለበት አረጋዊ ሲሰጡ ያደነዝዛሉ፣ ያፈዛሉ፣ ለመውደቅና ለስትሮክ ያጋልጣሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 በመድኃኒቶቹ ላይ ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አዘዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። አሥር ሳምንት ገደማ በቆዩ ሙከራዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት አረጋውያን 4.5 በመቶ ያህል ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት የሞቱት 2.6 በመቶ ያህል ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሆነውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚያስተዳድረው የፌዴራል ማዕከል አጠቃቀሙን ለመቀነስ አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። በ2011 መጨረሻ ከረጅም ጊዜ ነዋሪዎች ወደ 24 በመቶ የሚሆኑት አንቲሳይኮቲክ ይወስዱ ነበር። በዓመታት ውስጥ ወደ 15 በመቶ አካባቢ ወረደ። ጥሩ ውጤት ይመስላል። በከፊልም ነው። ነገር ግን የጤና ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ሌላ ነገር አሳየ። ከ2011 እስከ 2019 ድረስ በአእምሮ ላይ ከሚሠሩት መድኃኒቶች ቢያንስ አንዱን የሚወስዱት ነዋሪዎች በየዓመቱ 80 በመቶ አካባቢ ሆነው ቆይተዋል። አንቲሳይኮቲኩ ሲቀንስ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች አጠቃቀም ጨመረ። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ዘመቻው በሚከታተለው የአንቲሳይኮቲክ ቁጥር ውስጥ ስለማይገቡ፣ ያለ በቂ ማስረጃ ስኪዞፍሬንያ ተብለው የተመዘገቡ ነዋሪዎችም ነበሩ። መንግሥት በ2023 መጀመሪያ ይህንን የሚመረምር ኦዲት ለመጀመር ተገደደ።

ከዚህ የምረዳው ቁጥሩ ሊወርድ የአያያዙ ችግር ግን እዚያው ሊቀር እንደሚችል ነው። መድኃኒቱን ነጥቀህ ለተንከባካቢው ሌላ የሚያደርገውን ካላሳየኸው፣ ሌላ መድኃኒት ይመጣል።

ለምን አንዱ ሥልጠና ሠራ፣ ሌላው አልሠራም?

ሁለት የእንግሊዝ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ዌልድ የሚባለው ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። በ69 የእንክብካቤ ቤቶች 847 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከሠራተኞቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች በአሠልጣኝ እየታገዙ ለወራት ሠለጠኑ፤ የሥራ ባልደረቦቻቸውንም መሩ። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ደስ የሚለው ነገርና ከሰው ጋር የሚጨዋወትበት ጊዜ ተዘጋጀ። የነዋሪዎቹ ኑሮ ተሻሻለ፣ መረበሽ ቀነሰ፣ ወጪውም ከተለመደው እንክብካቤ አልበለጠም።

ሁለተኛው ዲሜንሺያ ኬር ማፒንግ በሚባል ዘዴ ላይ የተሠራ ነው። ሠራተኛው ተቀምጦ ነዋሪዎች ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉ ይመዘግባል፤ ከዚያ ቡድኑ ተወያይቶ እንክብካቤውን ያስተካክላል። በ50 ቤቶች ተሞከረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት በመረበሽ ላይ ለውጥ አላሳየም። አብዛኞቹ ቤቶች የታቀደውን ዙር በሙሉ አልፈጸሙም። የሠለጠኑት ሠራተኞች ሥራ ለቀቁ፣ ወይም ሰው ስላነሰ ለዕለቱ የእንክብካቤ ሥራ ተፈለጉ።

ልዩነቱ በይዘቱ ላይ አይመስለኝም። የመጀመሪያው አጠገብ ሆኖ የሚያግዝ ሰው ነበረው። ሁለተኛው በሥራ በተወጠሩ ሠራተኞች ጫንቃ ላይ ብቻ ወደቀ። ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ቪዲዮ እያሳለፉ ጥያቄ መመለስ፣ ሰርተፍኬት አትሞ ፋይል ውስጥ ማስገባት፤ ብዙ ቤቶች ሥልጠና የሚሉት ይህንን ነው። ለተቆጣጣሪ ለማሳየት ይበቃል። በማለዳ ስምንት ሰው አጥቦ ማልበስ ያለበትን ሠራተኛ ግን አያግዘውም።

የሠራተኛ ብዛት ክርክሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት የነርሲንግ እንክብካቤ፣ ከዚያም ውስጥ 2.45 ሰዓት በነርስ ረዳት እንዲሰጥ የሚል ነበር። የነርሲንግ ሆም ባለቤቶች ማኅበራት ተቃወሙ። ሰው እያጣን፣ ሜዲኬይድ የሚከፍለው ወጪያችንን ሳይሸፍን፣ ይህ በተለይ በገጠር ያሉ ቤቶችን ያዘጋል አሉ። የሠራተኛ ማኅበራትና የነዋሪ ተሟጋቾች በበኩላቸው ከዚያ ያነሰ ቁጥር አደገኛ ነው፣ ሰው የሚጠፋውም ክፍያው ዝቅተኛ ስለሆነ ነው አሉ። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ደንቡን ሻረ። በሐምሌ የወጣው ትልቁ የበጀት ሕግ ደግሞ ተፈጻሚነቱን እስከ 2034 አገደ።

የባለቤቶቹ ስጋት ባዶ አይደለም። የሰው እጥረቱ እውነት ነው። ግን ክርክሩ እጥረቱን እንደ አየር ጠባይ፣ ማንም እንዳላመጣው ነገር አድርጎ ያየዋል። በዘርፉ ከሚሠሩት ከአራቱ አንዱ በላይ ስደተኛ ነው። ደመወዙ ዝቅ ያለ ነው። ወገብ ይጎዳል፤ መመታት አለ፣ መሰደብ አለ። ሰው በገባ በወራት ውስጥ ይለቃል። የሠለጠነው ሲለቅ ሥልጠናው አብሮት ይወጣል። ዲሜንሺያ ላለበት ሰው ደግሞ የሚያውቀው ፊት መለዋወጡ ራሱ ጉዳት ነው።

አማርኛ ተናጋሪው አረጋዊ ሲታመም

የአንድ እናት የማስታወስ ችሎታ ሲፈተሽ መጀመሪያ ከሚጠየቁት አንዱ “ዓመቱ ስንት ነው?” የሚለው ነው። በእኛ አቆጣጠር ቢመልሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የተሳሳቱ ይመስላሉ። ሰዓት ቢጠየቁ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ “ሦስት ሰዓት ነው” ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የማያውቅ መርማሪ ግን ሁለቱንም እንደ ስህተት ይመዘግባል። ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት ቃል ፊደል በፊደል ወደ ኋላ እንዲጠሩ ወይም ሥዕል እንዲገለብጡ ሲጠየቁ ደግሞ የሚለካው መርሳታቸው ሳይሆን አለመማራቸው ነው። ለዚህ የሚሻሉ መለኪያዎች አሉ። ሩዳስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲድኒ ላይ የተዘጋጀው፣ የተለያየ ቋንቋና ትምህርት ላላቸው ሰዎች ታስቦ ነው። ቤተሰብ ስሙን ጠቅሶ ቢጠይቅ አይጎዳም።

ቋንቋም አለ። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠሩ አባት ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ትግርኛ ሊመለሱ ይችላሉ። በዙሪያቸው ያለው ሠራተኛ ካልገባው ዝም ይላሉ ወይም ይናደዳሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጆችን ማስተርጎም ቀላል ቢመስልም አይመከርም። ልጅ የእናቱን ገመና ለመሸፈን ሲል ያሳጥራል፣ ያለዝባል። ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ይቀራል።

ረቡዕና ዓርብ ምግብ የሚመልሱ እናት “የምግብ ፍላጎት ቀነሰ” ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ጾም ላይ ናቸው። የጾም ምግብ ቢቀርብላቸው ይበላሉ። ውሃ ሳይጠጡ እስከ ከሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያነሳነው ዲሊሪየም አደጋ ይሆናል፤ ያኔ የንስሐ አባትን ማነጋገር ከነርሷ ምክር የበለጠ ይሠራል። ሙስሊም አባት በስግደት ሰዓት የሚነሱት ሊጠፉ ፈልገው ሳይሆን ሊሰግዱ ነው። ስም የረሱ ሰው ውዳሴ ማርያምን ወይም ፋቲሓን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊሉ ይችላሉ። በልጅነት በድግግሞሽ የገባ ነገር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። እነዚህን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ለተቋሙ መስጠት ይቻላል። ምን ተብለው ይጠራሉ፣ ምን ይበላሉ፣ ምን ያስፈራቸዋል፣ ምን ያረጋጋቸዋል። ሰውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ በተግባር ከዚህ ገጽ ይጀምራል።

ነርሲንግ ሆም ማስገባትን እንደ ነውር የሚያይ ብዙ ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ከአክብሮት የመጣ ነው። ግን ሁለት ሥራ የምትሠራ ሴት ልጅ ሌሊት በር የሚከፍቱ እናት ይዛ ብቻዋን ስትቀር፣ ነውሩ የማን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል።

ጋይድ ለማን ነው?

ጋይድ ስምንት ዓመት እንዲቆይ የታቀደ ሙከራ ነው። ነርሲንግ ሆም ለሚኖሩ አይደለም፤ ቤታቸው ላሉ ሰዎችና ለሚንከባከቧቸው ነው። የተመዘገበ ቤተሰብ ጉዳዩን የሚከታተልለት አንድ ሰው ይመደብለታል። ቀን ከሌት የሚደወልበት መስመር አለ። ለቤተሰብ ተንከባካቢ ሥልጠና ይሰጣል። በሽታው ለገፋባቸው ደግሞ ተንከባካቢው እፎይ የሚልበት፣ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚሸፈን ተተኪ እንክብካቤ አለ።

ገደቦቹም መታወቅ አለባቸው። መንግሥት በቀጥታ የሚሰጠውን የመጀመሪያውን ዓይነት ሜዲኬር፣ ፓርት ኤ (የሆስፒታል) እና ፓርት ቢ (የሐኪም) ሁለቱንም ይጠይቃል። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ያለው ሰው አይገባም። ወላጆቻቸውን በግሪን ካርድ ያመጡ ልጆች ደግሞ ሜዲኬር ራሱ ለእንደነሱ ዓይነቱ አረጋዊ ቢያንስ አምስት ዓመት ተከታታይ ኑሮ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለባቸው። ፓርት ኤ በሥራ ታሪክ ካልተገኘም በወር የሚከፈልበት ነው። ጋይድ የሁሉንም ቀዳዳ አይደፍንም። ያም ሆኖ መንግሥት ልጅን፣ ሚስትን፣ ባልን እንደ እንክብካቤው አካል ቆጥሮ ማሠልጠኑና ለእረፍታቸው መክፈሉ ትልቅ እርምጃ ነው።

አገር ቤትና ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት

ኢትዮጵያ ወጣት ሕዝብ ያላት አገር ናት። የአረጋውያን ቁጥር ግን እየጨመረ ነው። እንክብካቤው በቤተሰብ ላይ ነው፤ በተለይ በሴት ልጅ፣ በምራትና በቤት ሠራተኛ። በዓለም ደረጃም ከእንክብካቤው ሰዓት 70 በመቶው በሴቶች ላይ የወደቀ ነው። ቤተሰብ የሌላቸውን እንደ መቄዶንያ ያሉ የበጎ አድራጎት ማዕከላት ያነሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ ተጀምሯል። ትኩረቱ ግን በከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በድብርት፣ በሚጥል በሽታና በአልኮል ላይ ነበር። ዲሜንሺያ በመመሪያው ውስጥ እያለ ከኋላ ቀርቷል።

ቅድሚያ ሊሰጠው አይገባም የሚል ክርክር ይኖራል። የእናቶች ሞት፣ ወባና ቲቢ ባለበት አገር ስለ መርሳት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን ሥራው ከባዶ የሚጀምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የላንሴት ኮሚሽን 14 አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ ከዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን በእነሱ ላይ በመሥራት መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስ፣ የመስማት ችግር፣ ትምህርት ማጣት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ግፊትና ስለ ስኳር የሚሰጡት ምክር የዲሜንሺያም መከላከያ ነው። በዚያው ጉብኝት “እማማ መንገድ መሳት ጀምረዋል?” የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ብዙ አያስወጣም። ጸበልም ከዚህ ጋር መጋጨት የለበትም። በኤችአይቪ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ መክረዋል። በር ዘግቶ ማቆየት ወይም ማሰር ግን መድኃኒትም ጸበልም አይደለም።

ወደ ዓረብ አገርና ወደ ሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እህቶቻችን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሱ ተንከባካቢዎች ናቸው። ለጽዳትና ለማብሰል ተብለው ሄደው የአሠሪያቸውን እናት ወይም አባት ሙሉ ቀን፣ ሙሉ ሌሊት የሚጠብቁ አሉ። አረጋዊው ሲመታቸው ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። አረጋዊው ዕቃውን ያስቀመጠበትን ረስቶ “ሰረቀችኝ” ሲል ደግሞ ነገሩ ከበሽታው የመጣ መሆኑን አሠሪው ላያውቅ ይችላል። እሷም የምትከራከርበት ቃል የላትም። ጣጣው እስከ ፖሊስ ሊደርስ ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 923/2008፣ ከጉዞ በፊት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖር አድርጓል። ሲኦሲ የሚባለው ነው። በዚያ ሥልጠና ውስጥ ስለ ዲሜንሺያ አንድ ቀን ሙሉ ቢመደብ ብዙ ይሠራል። በተግባር መታየት ያለባቸውም ይታወቃሉ፦ ሳያስፈሩ ማጠብ፣ በአፍ መናገር የማይችል ሰው ሕመሙን በፊቱ ማንበብ፣ ድንገተኛ ለውጥን ለይቶ ለቤተሰብ መንገር፣ ዕቃ ጠፋ ሲባል ከክርክር በፊት አብሮ መፈለግ፣ የሆነውን ሁሉ በቀን መዝግቦ መያዝ።